ከሜልበርን እስከ ጉደር ሰማይ፦ ተማሪዎች የሠሯቸው ሳተላይቶች ታሪክ

መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ህዋ ስትልክ ሁለት ነገር አንድ ላይ ሆነ። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሰው ልጅ የሠራው ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድርን ዞረ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አይነገርም። 83.6 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ይህች ክብ ብረት ድምፅዋን ታሰማ የነበረው በ20 እና በ40 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። ሞገዱም የተመረጠው ተራው የሬዲዮ ወዳጅ ቤቱ ባለው መሣሪያ እንዲይዘው ታስቦ ነበር። ባትሪዋ እስኪያልቅ ድረስ ለ3 ሳምንት ያህል በየአገሩ ያሉ አማተር ሬዲዮኞች አዳመጧት፣ ድምፅዋን ቀዱ፣ የምታልፍበትን ሰዓት መዘገቡ። ህዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተራ አድማጭ ነበረው ማለት ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

አማተር ሬዲዮኛ የሚባለው ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተሰጥቶት፣ ገንዘብ ሳያገኝበት፣ ለመማርና ለመሞከር ብሎ በሬዲዮ የሚላላክ ሰው ነው። መሐንዲስ ሊሆን ይችላል፤ ገበሬ፣ አስተማሪ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪም ሊሆን ይችላል። የዓለም መንግሥታት ለእነዚህ ሰዎች ብቻ ብለው የከለሏቸው የሞገድ መስመሮች አሉ። ዛሬ ከጉደር ሰማይ በላይ በየቀኑ የሚያልፉት የዩኒቨርሲቲ ሳተላይቶች አብዛኞቹ የሚናገሩት በእነዚሁ መስመሮች ነው። ታሪካቸውን ከመነሻው የምተርከው ለአምቦ፣ ለጉደርና ለአካባቢው ወጣቶች ብዬ ነው፤ ታሪኩ በቅደም ተከተል ሲነገር የት ላይ እንደምንገባበት ግልጽ ይሆናልና።

ስፑትኒክ በተላከችበት ዘመን አዲስ አበባም ከሰማዩ ጥናት ውጭ አልነበረችም። ዓመቱ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነበር። በአራት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን አባ ፒየር ጉዌን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቁመው የምድርን የመግነጢስ ኃይል መመዝገብ ጀመሩ። ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነው፤ በዚህ መስመር ላይ ቀን ቀን ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። በዚህ ጅረት የሚታወከው የአየር ንብርብርም የሬዲዮ ሞገድን ያጥፋል፣ ያንቀጠቅጣል፣ አንዳንዴም ያደክማል። ጉደር ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ሁለቱም ያሉት በዚያው 9ኛ ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ነው። ሳይንቲስቶች ከሩቅ አገር ዕቃ ተሸክመው የመጡለት ሰማይ የጉደርም ሰማይ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ አማተሮቹ ከአድማጭነት ወደ ሠሪነት ተሻገሩ። በካሊፎርኒያ ያሉ የሬዲዮ ወዳጆች ኦስካር የሚል ስም ለሰጡት ሥራቸው ተሰባስበው በየጋራዡ አንዲት ትንሽ ሳተላይት ሠሩ። ክብደቷ 4.5 ኪሎ ግራም ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል ሮኬት ትልቁን ጭነት ሲይዝ ሚዛን እንዲጠብቅ የሚጫንበት ብረት ነበር፤ አማተሮቹ በዚያ ብረት ምትክ የእኛን ዕቃ ጫኑልን ብለው ለመኑ፣ ተፈቀደላቸውም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1954 ዓ.ም. ኦስካር 1 ከቫንደንበርግ ተነሥታ በአንዲት ሞላ ተገፍታ ከሮኬቱ ተለየች። የማሰራጫዋ ኃይል ከአንድ ዋት ሰባተኛ እጅ አይበልጥም። ታሰማ የነበረውም በሞርስ ኮድ ሰላምታ የምትሆን አንዲት አጭር ቃል ብቻ ነበረች። ቃሏ የምትደጋገምበት ፍጥነት ግን በሳተላይቷ ውስጥ ካለው ሙቀት ጋር ይለዋወጥ ነበር፤ አድማጩ በሰዓቱ ቆጥሮ ሙቀቱን ያወጣል። በ28 አገሮች ያሉ ከ570 በላይ አማተሮች የሰሙትን ጽፈው ላኩ። መረጃው የተሰበሰበው ከመንግሥት ጣቢያ ሳይሆን ከሰው ጓዳ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በአውስትራሊያ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የህዋ ጥናት ማኅበር ነበራቸው። አገራቸው ያን ጊዜ የራሷ ሳተላይት አልነበራትም። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት አንቴና ሠርተው የሌሎችን ሳተላይቶች ማዳመጥ ነው። ማዳመጡን ሲለምዱት፣ ምልክት እንዴት እንደሚደክምና እንደሚበረታ፣ ሳተላይት ሲቀርብ ድምፁ ቀጥኖ ሲርቅ እንደሚወፍር በጆሯቸው ሲያውቁት፣ እነ ሪቻርድ ቶንኪንና ኦወን ሜስ ያሉበት ቡድን የራሳችንን እንሥራ ብሎ ተነሣ። በጀት የላቸውም። ንጹሕ ክፍል የላቸውም። ዕቃውን ከየድርጅቱ እየለመኑ፣ ከትምህርታቸው በተረፈው ሰዓት በስታኞ እየበየዱ ሠሩት። ለአንቴና የተጠቀሙት የአናጢ ብረት ሜትር ነው፤ ሲጠቀለል ይታጠፋል፣ ሲለቀቅ ራሱ ይዘረጋል፣ ለህዋም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ሳተላይቷ እንዳትገለባበጥ ውስጧ ማግኔት አስቀመጡ። ማግኔቱ ከምድር የመግነጢስ መስመር ጋር እየተስተካከለ አቅጣጫዋን ይይዝላታል፤ በአማተር ሳተላይት ላይ ይህ ዘዴ ሲሠራበት የመጀመሪያው ነበር። ከመሬት በሚላክ ትእዛዝ ማሰራጫዋን ማጥፋትና ማብራትም ይቻል ነበር፤ ይህም ለአማተር ሳተላይት አዲስ ነገር ነው።

በ1959 ዓ.ም. ሥራው አለቀና ዕቃው ወደ ካሊፎርኒያ ተላከ። ከዚያ ወዲያ ዝም ሆነ። የሚጭናት ሮኬት ጠፍቶ ሳተላይቷ ከሁለት ዓመት በላይ ተቀመጠች። የካቲት 24 ቀን 1961 ዓ.ም. በዋሽንግተን አካባቢ የተሰባሰቡ ሰዎች አምሳት የተባለውን የአማተር ሳተላይት ማኅበር መሠረቱ፤ የመጀመሪያ ሥራቸው ያደረጉትም የአውስትራሊያውያኑን ዕቃ አድሰው ሮኬት መፈለግ ነበር። ጥር 15 ቀን 1962 ዓ.ም. ከአንዲት የአየር ጠባይ ሳተላይት ጋር ተጭና ወጣች። ስሟ አውስትራሊስ ኦስካር 5 ሆነ። 17.7 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ የሌላት፣ በባትሪ ብቻ የምትኖር ናት። አንደኛው ማሰራጫዋ 23 ቀን፣ ሁለተኛው 46 ቀን ሠራ። ከዋልታ ወደ ዋልታ የምትዞር ስለነበረች በእነዚያ ሳምንታት በኢትዮጵያም ላይ አልፋለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯት የመጀመሪያዋ አማተር ሳተላይት እርሷ ናት።

በዚያው ዘመን በአገራችን ምድር ላይ የሰማይ መሣሪያ አልጠፋም ነበር። በደብረ ዘይት የአሜሪካው የስሚዝሶኒያን ተቋም የሳተላይት መከታተያ ካሜራ ተተክሎ ነበር። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ በነበረችው አሥመራ የቆመው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ደግሞ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የሶቪየትን የሩቅ ህዋ መንኮራኩሮች የሚያዳምጡ ሁለት ግዙፍ ዲሾች ነበሩት፤ አንደኛው ስፋቱ 150 ጫማ ነው። የቃኘው ወታደሮች የአማተር ሬዲዮ ክበብም ነበራቸው። ነገር ግን ያ ሁሉ የሌላ አገር ዕቃ፣ ለሌላ አገር ዓላማ የቆመ ነበር፤ ሰዎቹ ሲሄዱ ዕውቀቱም አብሮ ሄደ። በሜልበርን የነበረው ዕቃ ከዚህ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው፤ የነበረው ግን በተማሪ እጅ ነው። በእኔ ፍርድ የሁለቱን አገሮች መንገድ የለየው ይህ ነው።

የሚቀጥለው ምዕራፍ እንግሊዝ ነው። በሰሪ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ስዊቲንግ የተባለ ወጣት ተመራማሪ፣ ራሱም አማተር ሬዲዮኛ፣ ሳተላይት ውድ የሚሆነው ዕቃው ሁሉ ለህዋ ተብሎ ለብቻው ስለሚሠራ ነው ብሎ አሰበ። እርሱና ባልደረቦቹ ከገበያ የሚገዛ ተራ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መርጠው፣ ፈትነው፣ በውስጧ ከመሬት ፕሮግራሙ ሊለወጥ የሚችል ኮምፒውተር ያላት ሳተላይት ሠሩ። ዩኦሳት 1 መስከረም 26 ቀን 1974 ዓ.ም. ወጣች። የራሷን የሙቀትና የባትሪ ልክ በሰው ድምፅ እየቆጠረች የምትናገር መሣሪያ ነበራት፤ የትምህርት ቤት ልጆች ኮምፒውተር ሳያስፈልጋቸው ሰምተው በደብተራቸው ይጽፉ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ችግር ደረሰ። በስሕተት ሁለቱም ማሰራጫዎቿ አንድ ላይ በሩ። የራሷ ድምፅ የራሷን ጆሮ ደፈነውና ከመሬት የሚላከውን ትእዛዝ መስማት አቃታት። በዩኒቨርሲቲው ያለው ማሰራጫ ያንን ድምፅ ሰንጥቆ የሚገባ ጉልበት አልነበረውም። ወራት አለፉ። በመጨረሻ በ1975 ዓ.ም. መባቻ በካሊፎርኒያ ያለ የምርምር ተቋም 46 ሜትር ስፋት ያለው ዲሹን አዋሳቸው፤ በእርሱ ኃይል የተላከው ትእዛዝ ገብቶ ማሰራጫዎቹ ጠፉ፣ ሳተላይቷም ተረፈች። እስከ ጥቅምት 1982 ዓ.ም. ድረስ፣ ወደ ከባቢ አየር ገብታ እስክትቃጠል፣ 8 ዓመት ሠራች።

ሁለተኛዋ ዩኦሳት 2 በስድስት ወር ገደማ ተሠርታ የካቲት 22 ቀን 1976 ዓ.ም. ተላከች፤ ጥቂት ዙር እንደዞረች ጸጥ አለች። ሠሪዎቿ ሞታለች ብለው አልተዉአትም። ከማዳመጫዋ ውስጥ ሳይታሰብ የምትፈስስ እጅግ ደካማ ምልክት መኖር እንዳለባት አሰሉ፤ በግሪንላንድ ያለ ትልቅ ዲሽ ያችን ምልክት ፈልጎ አገኛት። ከምልክቷ የሞገድ ልክ የሳተላይቷን ሙቀት አውጥተው ደኅና መሆኗን አወቁ፤ ከዚያ ትእዛዝ እየላኩ ቀሰቀሷት። ይህን ታሪክ ለተማሪ ስነግር የምጨምረው አንድ ነገር አለ፦ በሁለቱም ጊዜ ሳተላይቷን ያዳናት መሬት ላይ የነበረው ጣቢያና የአድማጩ ችሎታ ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች በ1977 ዓ.ም. ሰሪ የተባለው የሳተላይት ኩባንያ ከዩኒቨርሲቲው ተወለደ። በ1982 ዓ.ም. የተላከችው ዩኦሳት 3 መልእክት ከአንዱ ቦታ ተቀብላ ሌላው ቦታ ስትደርስ የምታወርድ ነበረች፤ በእርሷ አማካይነት ስልክ በማይደርስበት የአፍሪካ ክፍል ያሉ ሐኪሞች የሕክምና ጽሑፍ ይደርሳቸው ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተላከችው የአልጄሪያ የመጀመሪያ ሳተላይት እና በ1996 የተላከችው የናይጄሪያ የመጀመሪያ ሳተላይት ሁለቱም የተሠሩት በዚሁ ኩባንያ ነው።

እኛስ? በደርግ ዘመን በግል እጅ ያለ ማሰራጫ በጥርጣሬ የሚታይ ስለነበር ከኢትዮጵያ የሚሰማው የአማተር ድምፅ እጅግ ተመናመነ። ዩኦሳት በአናታችን ላይ ቁጥር እየቆጠረች ስታልፍ የሚጽፍላት ተማሪ በአገሩ አልነበረም ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ተቋቁሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ አምስት ኪሎ፣ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት የክበብ ጣቢያ ተከፈተ። ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞችም ለዓመታት እየተመላለሱ ተማሪዎችን አሠልጥነውበታል። የዓለም አማተሮች የኢትዮጵያን ጥሪ ሲሰሙ የሚሽቀዳደሙት ብርቅ ስለሆነ ነው። ብርቅ መሆናችን ለእነርሱ ደስታ ነው፤ ለእኛ ግን ጉድለት ነው።

በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያዋን ሳተላይት የሠራው የደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥራው በ1980ዎቹ አጋማሽ ተጀመረ፤ በዓመታት ውስጥ ወደ መቶ የሚጠጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ተፈራረቁበት። አንዱ ባትሪውን፣ አንዱ ካሜራውን፣ አንዱ የሬዲዮ ማዞሪያውን የመመረቂያ ጽሑፉ አድርጎ ሠራ። ሰንሳት የካቲት 16 ቀን 1991 ዓ.ም. ከቫንደንበርግ ወጣች። ክብደቷ 64 ኪሎ ግራም፣ የካሜራዋ ጥራት 15 ሜትር ነበር። የአማተር ማዞሪያም ነበራት፤ ከመሬት የተናገሩትን ቃል ይዛ ቆይታ መልሳ የምታሰማ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጥር 1993 ዓ.ም. ጠፋች። ጠፋች ሲባል ዕቃዋ ነው፤ እነዚያ ተማሪዎች ግን የአገሪቱን የህዋ ኢንዱስትሪ የመሠረቱ ሰዎች ሆኑ።

ሰንሳት በወጣችበት ዓመት በአሜሪካ ሁለት መምህራን፣ የስታንፎርዱ ቦብ ትዊግስ እና የካሊፎርኒያ ፖሊቴክኒኩ ሆርዲ ፑዪግ-ሱዋሪ፣ ኪዩብሳት የሚባለውን ልክ አወጡ፦ ወርድ፣ ቁመትና ርዝመቱ እኩል 10 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ። ሐሳባቸው ቀላል ነው። ተማሪ በትምህርት ዘመኑ ጀምሮ የሚጨርሰው ሳተላይት ይኑር፤ ልኩ አንድ ከሆነ ሮኬት ውስጥ የሚገባበት ሣጥንም አንድ ይሆናል፤ ስለዚህ መጫኑ ይረክሳል። የመጀመሪያዎቹ ኪዩብሳቶች ሰኔ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ከሩሲያው ፕሌሴትስክ ተላኩ። ከመካከላቸው የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯት ከአሥር ዓመት በላይ ስታሠራጭ ኖራለች። ከዚያ ወዲያ ጎርፉ አልቆመም።

የጎርፉ ውኃ አፍሪካም ደረሰ። ሰኔ 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ከተለቀቁት አምስት ኪዩብሳቶች አንዷ የጋና፣ አንዷ የናይጄሪያ ነበረች። የጋናዋ የኦል ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲ ስትሆን፣ ተማሪዎቹ የሠሯት በጃፓኑ ክዩሹ የቴክኖሎጂ ተቋም ተቀምጠው ነው፤ አማተሮች በሬዲዮ የሚቀበሉት ሙዚቃ የምትልክ መሣሪያ ነበራት። ግንቦት 3 ቀን 2010 ዓ.ም. የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋን የኬንያ ሳተላይት ከዚያው ጣቢያ ለቀቀ። ጎረቤት ማለት ነው።

ኅዳር 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ለእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ሆነ፣ የተገነዘበው ግን ጥቂት ሰው ነው። ካታር የቴሌቪዥን ሳተላይቷን ኤስሃይል 2ን ስትልክ፣ ከካታር አማተሮችና ከጀርመን አምሳት ጋር ተስማምታ የአማተር ሬዲዮ ማዞሪያ አስገባችባት። ይህች ሳተላይት እንደ ሌሎቹ መጥታ አትሄድም፤ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ አንድ ቦታ የቆመች ናት። ከጉደር ሲታይ ከአናት ትንሽ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል ብላ ናት፤ ዛፍም ተራራም አይጋርዳትም። ቀንና ሌሊት ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ አማተሮች በእርሷ ይነጋገራሉ። ድምፁ የሚወርደው ደግሞ ተራው የቴሌቪዥን ዲሽና ኤል ኤን ቢ በሚቀበለው ሞገድ ነው። በአገራችን የአረብሳት ጣቢያዎችን ለማየት ወደ 26 ዲግሪ የዞረ ዲሽ በጣሪያው ላይ ባለ ቤት፣ ይህ ንግግር ባለቤቱ ሳያውቀው በየቀኑ ዲሹ ላይ ያርፋል። የሚጎድለው ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ፣ ዋጋው ከተራ ስማርት ስልክ የማይበልጥ የሬዲዮ መቀበያ ነው።

የኢትዮጵያ የራሷ የህዋ ታሪክ እስከዚህ ድረስ ዝግ ብሎ ተጉዟል። የህዋ ሳይንስ ማኅበሩ በ1996 ዓ.ም. ተመሠረተ። ብዙዎች ረኃብ ባለበት አገር ስለ ኮከብ ማውራት ቅንጦት ነው እያሉ ሲነቅፉት፣ አባላቱ ሰማይን ማጥናት እርሻን መርዳት ነው ብለው ጸኑ፤ ትክክልም ነበሩ። በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው ኦብዘርቫቶሪው በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ። ቀጥሎም የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቆመ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ፣ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች እንጦጦ ላይ ተሰብስበው በስክሪን ሲመለከቱ፣ ከቻይናው ታይዩዋን የማስወንጨፊያ ጣቢያ ሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ተነሣ። ኢቲአርኤስኤስ 1፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት፣ ውስጡ ነበረች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የካሜራዋ ጥራት ወደ 14 ሜትር፣ የታቀደላት ዕድሜ 2 ዓመት ነበር። ሥራዋም እርሻን፣ ደንንና ውኃን ከላይ ማየት ነው። ወጪው 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት፤ የተሠራችውም በዚያው ነው፣ የእኛ መሐንዲሶች አብረው እየሠሩና እየተማሩ። የመቆጣጠሪያና የመቀበያ ጣቢያዋ ግን እንጦጦ ላይ ነበር። ያ ቀን የሚያኮራ ቀን ነው፤ ኩራቱን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

በዚያ ሮኬት ላይ ግን ሌላ መንገደኛም ነበር፤ በጋዜጦቻችን ስሙ ሲነሣ አላየሁም። የብራዚል የሳንታ ካታሪና ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፍሎሪያኖፖሊስ ከተማ በራሳቸው ላብራቶሪ የሠሯት ፍሎሪፓሳት 1 ናት። አሥር በአሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር፣ አንዲት ኪዩብሳት። የምታሠራጨው በአማተር ሞገድ ነው፤ ለአማተሮች የሚያገለግል የሬዲዮ መሣሪያም ይዛለች። ንድፏንም ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት ተማሪዎቹ ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። እንግዲህ ያን ቀን ከአንድ ሮኬት ሁለት ዓይነት ሳተላይት ወረደ፦ የእኛዋ በመንግሥት ስምምነት የተገኘች ባለ ካሜራ፣ የእነርሱ ከክፍል ውስጥ የወጣች ባለ ሬዲዮ። የመጀመሪያዋ ለአገር ፎቶ ታመጣለች፤ ሁለተኛዋ ለዩኒቨርሲቲ ሠሪ ታፈራለች። ብራዚል ሁለቱንም ይዛለች፤ የዚያ ቀን ትልቁ ጭነት ራሱ ከቻይና ጋር የሠራችው የምድር ቅኝት ሳተላይት ነበር። እኛ የያዝነው አንደኛውን ብቻ ነው።

ከዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ኢቲ ስማርት አርኤስኤስ የተባለችው ሁለተኛዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይናው ዌንቻንግ ወጣች፤ ክብደቷ 8.9 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ኅዳር 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ኡጋንዳና ዚምባብዌ ጃፓን ሄደው በሠለጠኑ ወጣቶቻቸው እጅ የተሠሩ የመጀመሪያ ሳተላይቶቻቸውን ከህዋ ጣቢያው ለቀቁ። ሁለቱም የአማተር ሬዲዮ ሥራ ይዘው ነበር።

ታሪኩ እስከ ዛሬ ያመጣን እዚህ ነው። አሁን ከሜልበርን፣ ከሰሪ፣ ከስቴለንቦሽና ከፍሎሪያኖፖሊስ አንድ የጋራ ነገር ላውጣ። ሁሉም መሬት ላይ የሚያዳምጥ ጆሮ ነበራቸው። የሜልበርኖቹማ አንቴና ሠርተው፣ የሌላውን ሳተላይት እያዳመጡ ቆይተው ነው የራሳቸውን የላኩት። በሰማይ ያለው ዕቃ ሲታመም የሚያውቅ ጆሮ መሬት ላይ ካልተዘጋጀ፣ ሳተላይት መላክ ሕፃን ወልዶ ለማያውቁት ሰው መስጠት ነው።

ለጉደር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚዞር ዝቅተኛ ሳተላይት ዋልታ አጠገብ ላለ ጣቢያ በእያንዳንዱ ዙር ይታያል፤ እኛ ባለንበት በ9ኛው ዲግሪ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ አራቴ ያህል ብቻ ያልፋል፣ እያንዳንዱም ጊዜ ከ10 ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። በዓለም ዙሪያ የበጎ ፈቃደኞችን መቀበያ ጣቢያዎች በኢንተርኔት ያስተሳሰረ ሳትኖግስ የሚባል መረብ አለ። በግሪክ ወጣቶች ተጀምሮ ዛሬ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ሳተላይት ሠሪዎች መረጃቸውን የሚያገኙበት ነው። አብዛኞቹ ጣቢያዎች አውሮፓና አሜሪካ ናቸው፤ በአፍሪካ በተለይ በምድር ወገብ አካባቢ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ በጉደር አንድ አንቴና ቢቆም፣ የጃፓንም የብራዚልም ተማሪ ሳተላይቱ በአፍሪካ ላይ ስታልፍ ምን እንደምትል የሚያውቀው ከጉደር ነው። ከዚህም ጋር የመግነጢሳዊው ወገብ ሰማይ ምልክቱን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጠው መመዝገብ ለተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለሳይንስም እውነተኛ መረጃ ነው።

የሚያስፈልገው ቤት አለ። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ በአምቦ ከተማ የቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጥበት የሃጫሉ ሁንዴሳ ግቢ፣ በጉደር ደግሞ የእርሻ ትምህርት የሚሰጥበት የማሞ መዘምር ግቢ አለው። አንዱ ሬዲዮውን ይሠራል፤ ሌላው ከአየር ጠባይ ሳተላይት የሚወርደውን የደመና ፎቶ ለጤፉና ለስንዴው ይጠቀምበታል። የደመና ፎቶ በቀጥታ የሚያወርድ አንቴና ከብረት ዘንግና ከኮአክሲያል ገመድ ተማሪ በሳምንት ውስጥ ይሠራዋል፤ በ145.8 ሜጋኸርዝ ከዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ የሚወርደውን የጠፈርተኞች ድምፅም ማድመጥ ይቻላል። ለማሰራጨት ፈቃድ የግድ ነው፤ የሚጠየቀውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ስለዚህ ለሦስት ወገን የምለው አለኝ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር በሁለቱ ግቢዎች አንድ የሬዲዮ ክበብ ያቋቁም፤ ለዚህ ሕንፃ አይፈለግም፣ አንድ ክፍልና ጣሪያው ይበቃል። ባለሥልጣኑ ለዩኒቨርሲቲ ክበቦች የሚሰጠውን የአማተር ፈቃድ መንገድ አጭርና ግልጽ ያድርግ፤ የአምስት ኪሎው ጣቢያ ብቻውን ለአገር አይበቃም። የአምቦና የጉደር ተማሪዎች ደግሞ ማንንም አትጠብቁ። ዲሹን ወደ 26 ዲግሪ አዙሩ፣ መቀበያውን ሰክታችሁ ማድመጥ ጀምሩ፣ የሰማችሁትንም ቀንና ሰዓቱን እየጻፋችሁ አስቀምጡ።